ደቦ በነፃ ነበር ወይ?

በእድራችን በየስብሰባው አንድ አባባል ደጋግሞ ይነሣል። ይኸውም «ባላገር እያለን ሰው ለሰው በነፃ ይሠራ ነበር፤ ከተማ ገብተን ነው ነገሩ ሁሉ በገንዘብና በመቀጫ የሆነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉት አባቶችና እናቶች አብዛኞቹ ደቦ ወጥተው ያውቃሉና ዋሹ አንልም። ነገር ግን «በነፃ» የምትለዋን ቃል እስቲ እንመርምራት ብለን ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። እኛ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ አያልፍም፤ ዕድሜያችንንም የጨረስነው ገቢና ወጪ በመመዝገብ ነው። ስለዚህ ደቦንም በዚያው በለመድነው በገቢና በወጪ ዓይን ብናየው አትፍረዱብን።

በመጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ብዙ ሰው ደቦንና ወንፈልን አንድ ያደርጋቸዋል፤ አንድ አይደሉም። ወንፈል የእኩዮች ነው። አምስት ስድስት ጎረቤታሞች ይስማሙና ዛሬ ያንተን፣ ነገ የእኔን፣ ከነገ ወዲያ የእገሌን እያሉ በዙር ይሠራሉ። ቀን በቀን ይመለሳል፤ ምግቡም ቀላል ነው፤ የቀረ ሰው ቀኑን ዕዳ ይሸከማል። ደቦ ግን ሰፊ ጥሪ ነው። አንድ ሰው ሥራ ሲበዛበት፣ ወይም አዝመራው ሊረግፍበት ሲል፣ ወይም ቤት ሲሠራ፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ይጠራል፤ ይደግሳል፤ ያበላል፤ ያጠጣል። ቀኑ ልክ በልክ ይመለስልኝ አይባልም፤ ግን ሌላው ሲጠራ መቅረት ነውር ነው። ጅጊ የሚሉትም አገር አለ። በኦሮሞው ዘንድ ዳቦና ዳዶ የሚባሉት ይኸንኑ ዓይነት ልዩነት ይዘው የኖሩ ናቸው፤ በትግራይም ወፈራ ይሉታል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ በየአገሩ ያለ ነው።

ለምን አስፈለገ? ቢሉ፣ እርሻ ቀን ስለማይጠብቅ ነው። ጤፍን ውሰዱ። መሬቱ ሦስት አራቴ፣ አንዳንድ ቦታም አምስት ጊዜ ይታረሳል። በሐምሌ ይዘራል። በነሐሴና በመስከረም አረሙ በእጅ ይነቀላል፤ አረም ያልታረመለት ጤፍ ደግሞ ጤፍ አይባልም። በኅዳር ይታጨዳል። በዚያ ሰሞን ያልታሰበ ዝናብ ቢወርድ ወይም አጨዳው ቢዘገይ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ከዚህ ላይ በዓላቱ አሉ፤ በአሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድ፣ በሃያ ሰባት፣ በሃያ ዘጠኝ ሞፈር አይያዝም፤ ቅዳሜና እሑድም እንዲሁ። የሥራ ቀን ሲቆጠር ጥቂት ነው። አንድ ሰው በሃያ ቀን የሚያጭደውን ሃያ ሰው በአንድ ቀን ሲያጭደው ልፋቱ ያው ሃያ ነው፤ የተረፈው ቀኑ ነው። ደቦ ጠሪው የሚገዛው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጊዜ ነው የሚገዛው።

ጉልበት ብቻውን ደግሞ አያርስም፤ በሬ ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ ስለ እርሻ የተጻፉ ጥናቶች ከሦስት ገበሬ አንዱ ገደማ በሬ እንደሌለው፣ ሌላው ሲሶ ደግሞ አንድ በሬ ብቻ እንዳለው ይገልጻሉ። አንድ በሬ ያለው ከብጤው ጋር ተቀናጅቶ፣ ማለትም መቀናጆ ገብቶ፣ ጥማዱን በየተራ ያርስበታል። በሬ የሌለው እንደ አገሩ ውል በጉልበቱ ለባለበሬው እየሠራ በምላሹ በሬ ያገኛል። የባለበሬው እርሻ አስቀድሞ ስለሚታረስ የድኃው መሬት ሁልጊዜ ዘግይቶ ይዘራል። ዘግይቶ የተዘራ ደግሞ ምን እንደሚሆን የባላገር ልጅ ያውቀዋል።

በሬ ሲጠፋ ሁሉም እንደሚፈርስ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው በሚያስታውሱት ዘመን ታይቷል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች ተዛምቶ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨረሰው። (ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ! በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።) እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ረኃብ ሕዝቡ አለቀ። አፄ ምኒልክ ለምሳሌ እንዲሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው ተጽፏል። በዚያ ጊዜ ሰው ሰውን መርዳት ጠልቶ አልነበረም፤ በሬ ከሌለ የሚቀናጅ የለም፤ እህል ከሌለም ደቦ የሚጠራ የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የምንጠቅሰው ቁጥር ለምሳሌ ያህል ነው፤ እንደ መሬቱና እንደ ዘመኑ ይለያያል። ሃያ ሰው ደቦ ተጠራ እንበል። አንዱ ሰው ከጧት እስከ ማታ አምስት እንጀራ ቢበላ መቶ እንጀራ ነው፤ ሩብ ኩንታል ገደማ ዱቄት ይፈጃል። ለጠላው ገብስ አለ፣ ብቅል አለ፣ ጌሾ አለ፤ ለወጡ ሽሮና በርበሬ አለ። ሁሉም ሲደመር ለአንድ ቀን ደቦ ግማሽ ኩንታል እህል ብንይዝ አልበዛም። ይህ የእህሉ ብቻ ነው። ጠላው እኮ በአንድ ሌሊት አይጠመቅም፤ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ውሃ የቀዳችው፣ እንጨት የለቀመችው፣ የፈጨችው፣ አሻሮ የቆላችው፣ ጥንስሱን የጣለችው ሴት ናት። እኛ ወንዶች ስለ ደቦ ስናወራ ፉከራውንና ቀረርቶውን እናስታውሳለን፤ የወፍጮውን ድንጋይ የሚያስታውሱት ግን እናቶቻችን ናቸው። ሃያ ወንድ አንድ ቀን ለመሥራት ሁለት ሦስት ሴቶች ሳምንት ሙሉ ሠርተዋል ማለት ነው። ይህም በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

እንግዲህ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አራት ጥማድ መሬት፣ አንድ ሄክታር ገደማ፣ አላት እንበል። ልጆቿ ለሞፈር አልደረሱም። በደህና ዘመን ጥማዱ ሁለት ሁለት ኩንታል ጤፍ ቢሰጥ ስምንት ኩንታል ይሆናል። በደቦ ላሠራ ብትል፦ ለአራቱ ዙር እርሻ ባለበሬዎች እየከፋፈለች ብትጠራ በድምሩ የአንድ ደቦ ድግስ፣ ለአረም ሁለት ቀን፣ ለአጨዳ አንድ ቀን፣ ለውቂያ አንድ ቀን፣ በጠቅላላው አምስት ድግስ ታወጣለች፤ ሁለት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ብትሰጥ ግን ግማሹ፣ አራት ኩንታሉ፣ ይሄድባታል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ደቦው ይሻላታል፤ አንድ ኩንታል ተኩል ታተርፋለች።

ታዲያ ለምን የእኩል ሰጠች? ከአምስቱ ድግስ ሦስቱ፣ የእርሻውና የአረሙ፣ አዝመራ ከመግባቱ በፊት የሚወጡ ናቸውና ነው። በነሐሴ ጎተራ ባዶ ነው። ለልጆቿ የሚበቃ እህል ያጣች ሴት ለአርባ ሰው ድግስ ከየት ታመጣለች? በነሐሴ የተበደረችው እህልም በታኅሣሥ ወልዶ ነው የሚመለሰው። በመሆኑም ጎተራው የሞላለት ሰው ደቦ ይጠራል፤ ጎተራው የጎደለበት ደግሞ የሰው ደቦ ላይ ይሄዳል፤ ቢያንስ ያን ቀን ይበላልና። የራሱ አረም ግን ሳይነቀል ይሰነብታል። የጤፍ አረም ደቦ ላይ አቀርቅረው የሚሠሩትን ለሚያይ ሰው ሁሉም እኩል ይመስላሉ፤ እኩል ግን አልነበሩም።

እዚህ ላይ ለእውነት መመስከር ይገባል። ለታመመ ሰው፣ ለአረጋዊ፣ አዲስ ሐዘን ለደረሰበት ቤት ጎረቤት ያለ ድግስ ወጥቶ ያርስ፣ ያጭድ ነበር። ይህ በብዙ ቦታ የነበረ ነው። ነገር ግን ለአንድ ዓመት እንጂ ለሁልጊዜ አይሆንም። በሁለተኛው ክረምት ያቺ ሴት ወይ ደግሳ መጥራት ወይ የእኩል መስጠት ነበረባት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የታሪኩ ክፍል የደቦን መልክ ይዞ ሌላ ነገር ስለሆነው ጉልበት ነው። በገባር ሥርዓት ዘመን ሁዳድ የሚባል እርሻ ነበር። ገባሩ ግብሩን ከመክፈል ሌላ ለገዢው ወይም ለባለጉልቱ ሁዳድ በተመደበለት ቀን ወጥቶ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፤ አጥር ያጥራል፣ እንጨት ያቀርባል። ብዙ ሰው አንድ ላይ ተሰልፎ ስለሚሠራ ለመንገደኛ ደቦ ይመስለዋል። መመለስ ግን የለውም፤ ገዢው የገባሩን መሬት ሊያርስ አይመጣም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወጡት የመሬት ግብር ሕጎች፣ በተለይም የ1937 ዓ.ም. አዋጅ፣ ይህን የጉልበት ግዴታ አንሥተው ግብሩ በብር እንዲሆን ደነገጉ። ሕጉ መልካም ነበር። ሆኖም በጭሰኝነት የሚያርሰው ሰው፣ ባለመሬቱ «ደቦ ጠርቻለሁ» ሲለው፣ እምቢ ብሎ በመሬቱ ላይ መክረሙ ያጠራጥር ነበር። ቃሉ ደቦ ነው፤ ነገሩ ሁዳድ ነው።

ሌላው የመጣው ትራክተር ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አቀረበ። ምርቱ በእርግጥ አደገ። ስንዴ የሚያዋጣ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ግን ጭሰኞቻቸውን እያስነሡ በትራክተር ማረስ ያዙ። ጭሰኛ ከተነሣ ደግሞ ወንፈሉም አብሮ ይነሣል፤ ጎረቤት የሌለው ማንን ይጠራል?

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው አዋጅ ወጣ። ስለዚህ አዋጅ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ጭሰኝነትን መሻሩንና ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ መደንገጉን ነው። እኛ ግን ያየነው ሌላ ቁም ነገር አለ። አዋጁ ማንም ገበሬ በይዞታው ላይ ቅጥር ሠራተኛ አሠርቶ እንዳያርስ ከለከለ። ቀጥሎ ግን ከክልከላው ውጭ የሚሆኑትን ዘረዘረ፦ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላት ሴት፣ እንዲሁም ባለይዞታው ሲሞት፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ ሚስቱ ወይም ባሏ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችም። እንግዲህ አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች የዚያችን የአራት ጥማድ ባለቤት ነገር አስበውበታል። «ጎረቤት ያርስላታል» ብለው አላለፏትም። ነገር ግን መቅጠር ተፈቀደላት እንጂ የምትቀጥርበት ብር ከየት እንደሚመጣ አዋጁ አይናገርም፤ የአዋጅ ሥራም አይደለም።

በዚያው ዓመት፣ ከታኅሣሥ 12 ቀን ጀምሮ፣ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። የገበሬ ማኅበራትም ቢያንስ በ800 ሄክታር፣ በጥንቱ አለካክ በሃያ ጋሻ፣ ክልል ተደራጁ። ማኅበራቱ ከሠሯቸው ሥራዎች አንዱ በጦርነቱ ምክንያት የዘመተውን ሰው እርሻ በጋራ ማረስ ነበር። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም፤ ልጁ ግንባር የሄደበት አባት መሬቱ ጦም ማደር አልነበረበትም። ነገር ግን ቀኑን የሚወስነው ባለጉዳዩ ሳይሆን ሊቀመንበሩ ነው፤ የቀረም ይቀጣል። ዘመቻው ሲበዛ የሚታረስላቸው ቤቶች እየበዙ፣ የሚያርሱት ክንዶች እያነሱ ሄዱ። የባላገሩ ሰው የራሱን አረም ትቶ የማኅበሩን ያርማል፤ በነሐሴ የድኃው ሰው ዕጣ የነበረው አሁን የሁሉም ሆነ።

በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ወጣ። መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። በመልባ መሬቱ ይቀላቀላል፤ ለየቤተሰቡ ግን እስከ 2000 ካሬ ሜትር የሚሆን የጓሮ መሬት ይቀራል። በወልባ በሬና የእርሻ መሣሪያውም ወደ ማኅበሩ ይገባል። ሥራው በነጥብ ይመዘገባል፤ ምርቱ በነጥቡ ይከፋፈላል። ለእንደኛ ዓይነቱ መዝገብ ወዳድ ይህ ደስ የሚል ነገር መሆን ነበረበት፤ ምክንያቱም ወንፈልም እኮ ቀንን በቀን የሚቆጥር ነው። ልዩነቱ ወዲህ ነው። በወንፈል ቆጣሪዎቹ አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የሁሉንም እጅ ያያል፤ የለገመ ሰው በሳምንቱ የራሱ መሬት ላይ ሲለገምበት ያገኘዋል። በመቶ ሰው ማኅበር ግን ነጥብ የሚጽፈው አንድ ሰው ነው። የመጣ ሁሉ ነጥብ ይጻፍለታል፤ ልቡ ግን የጓሮ መሬቱ ላይ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ፣ ገበሬው ማንንም ሳይጠብቅ አብዛኞቹን ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ አፈረሳቸው፤ መሬቱንና በሬውንም ተካፈለ። ወንፈሉን ግን አላፈረሰም።

በ1970ዎቹ በድርቅ በተጎዱ አካባቢዎች የምግብ ለሥራ እርከን ሲሠራ የቀን ዋጋው 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። ይህን ያነሣነው ለማነጻጸር ነው። ደቦ ጠሪም በቀን በእህል ነው የሚከፍል፤ ለዚያውም አብስሎ። ስለዚህ «በነፃ» የሚባለው የደቦ ጉልበት ዋጋ ነበረው፤ በብር አልተጠራም እንጂ።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ሰሊጥ በሚመረትበት በሁመራና በመተማ የአጨዳው ሥራ የቀን ሠራተኛ ነው። በአርሲና በባሌ ስንዴውን ኮምባይነር እየተከራየ የሚያሳጭደው ገበሬ ብዙ ነው። መሬቱ ለወራሽ ሲከፋፈል አንሶ ብዙው ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር በታች ይዟል፤ ለሩብ ሄክታር ሃያ ሰው ጠርቶ መደገስ ደግሞ አያዋጣም። ደቦ የቀነሰው ሰው ስለከፋ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ እንደምናየው ግን ሒሳቡም ስላልገጠመ ነው። ወንፈሉ ግን ምግቡ ቀላል በመሆኑ አሁንም አለ።

የሴቲቱስ ነገር? ከ1990ዎቹ ወዲህ የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም፣ ባል ለሌላትም በራሷ ስም እየተሰጠ ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ የእኩል አራሹ «መሬቱ የእኔ ነው» ሊላት አይችልም። ሆኖም ደብተር አያርስም። በሬና የወንድ ጉልበት የሌለባቸው ቤቶች መሬታቸውን በብዛት የእኩል ወይም በኪራይ ይሰጣሉ። ከአባሎቻችንም ውስጥ በአገር ቤት ያለች እናት ወይም እኅት መሬቷን የእኩል የሰጠችባችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ለእነዚህ አባላት ከላይ ያስቀመጥነውን ሒሳብ መልሰው እንዲያዩት እንለምናለን። ለፋሲካ የሚላከው ብር ጥሩ ነው፤ ፋሲካ ግን ከአጨዳ በኋላ ነው። ለአረም ሠራተኛ የምትቀጥርበት ብር በሐምሌ መጨረሻ ቢደርሳት፣ ያ አራት ኩንታል ሁሉ ከእጇ ላይወጣ ይችላል።

ወደ እድራችን እንመለስ። እድር በከተሞች የተስፋፋው በሃያኛው መቶ ዘመን ነው፤ ያስፋፉትም በአብዛኛው ከየባላገሩ የመጡ፣ ደቦና ወንፈል የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም የደቦን ሥርዓት እንዳለ አልገለበጡትም። በደቦ የተቸገረው ሰው ነው ደግሶ የሚያበላ። በእድር ግን ሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም፣ ንፍሮውም ከእድሩ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ በየወሩ፣ ማንም ሳይሞት፣ አስቀድሞ ተሰብስቧል። ያቺ የአራት ጥማድ ባለቤት በነሐሴ ያጣችው ይኸው ነበር፤ አስቀድሞ የተቀመጠ ነገር። በየስብሰባው የምናማርርበት ወርኃዊ መዋጮ ያን ክፍተት ሊሞላ የመጣ ነው። መቀጫውም ቢሆን አዲስ የከተማ ክፋት አይደለም፤ በወንፈል የቀረ ሰው ቀን ዕዳ ይገባ ነበር ብለናል። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ መቀጫውን አስቀድሞ ከፍሎ ከቀብር የሚቀር ሰው መብዛቱ ነው። የወንፈል ዕዳ በቀን እንጂ በብር አይከፈልም ነበር። ኮሚቴው የመቀጫውን መጠን ሲወስን፣ ከብሩ ይልቅ ለቀረበት ቀብር በሌላ ሐዘን ቤት ድንኳን መትከልና ወንበር ማመላለስ ይታዘዝለት እንደሆነ ቢነጋገርበት እንወዳለን።

በገጠር ደግሞ እድሮች ከቀብር አልፈው እየሄዱ ናቸው። በሬው ለሞተበት፣ ቤቱ ለተቃጠለበት አባል የሚያዋጡ አሉ። አባል ሲሞት አዝመራው ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ስንቃቸውን በየአገልግላቸው ይዘው ወጥተው የሚያጭዱለት አሉ። ሚስቱ ውሃ ብቻ ታቀርባለች።